ብቻውን የሚያዳልጥ ወለል የለም

(ጅማ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት የሳይንስ ቀን ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለወላጆች የተደረገ ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ትንሽ ተስተካክሏል። በመጨረሻ ከተነሱት ጥያቄዎች ጥቂቶቹ ተጨምረዋል።)

እንደምን ዋላችሁ። ከኋላ የቆማችሁ ወላጆች፣ ከፊት ባዶ ወንበር አለ፤ ግቡ። ፊዚክስ አይናከስም።

ከሁሉ በፊት ድምፅ እንስጥ። እጄ ላይ ያለው የዋንዛ ቁራጭ ነው። ከአንድ እንጨት ቤት የተለመነ ትርፍራፊ ነው። አንዱ ጎኑ ሰፊ፣ አንዱ ጠባብ ነው። ጠረጴዛው ላይ በሰፊው ጎኑ አስተኝቼ ብጎትተውና በጠባቡ ጎኑ አቁሜ ብጎትተው፣ የበለጠ ጉልበት የሚጠይቀኝ የቱ ነው? ተኝቶ ሲጎተት ነው የምትሉ እጃችሁን አውጡ። እሺ፣ አዳራሹ በሙሉ ማለት ይቻላል። ቆሞ ሲጎተት ነው የምትሉስ? ጥቂት። ለውጥ የለውም የምትሉ? ጥግ ላይ ያላችሁ ልጆች ብቻ። ጎረቤቶቻችሁ እየሳቁባችሁ ነው፣ አይዟችሁ።

አሁን አንዲት ተማሪ ትምጣና ቁራጩ የሚጎተትበትን ባለ ስፕሪንግ ሚዛን ታንብብልን። ተኝቶ ሲጎተት ቀስቷ የት እንዳለች አየሽ? ምልክት አድርጊበት። አሁን አቆምኩት፤ ጎትቺው። የት ናት? እዚያው። ትንሽ ትወዛወዛለች እንጂ ቦታዋ ያው ነው። ሳይንስ በእጅ ብልጫ ቢወሰን ኖሮ ዛሬ ስህተት ያሸንፍ ነበር።

ለምን እንዲህ ሆነ? ሁለት ነገሮች ሲነካኩ ዓይናችን የሚያየው ንክኪ እውነተኛው አይደለም። በመላጊያ ተልጎ በብርጭቆ ወረቀት የታሸ እንጨት እንኳ በማጉያ ሲታይ ጉብታና ጎድጓዳ ነው። የሚነካኩት የጉብታዎቹ ጫፎች ብቻ ናቸው። ከጠቅላላው ስፋት በእውነት የተገናኘው እጅግ ጥቂቱ ነው። እንጨቱን በጠባቡ ጎኑ ስታቆሙት ስፋቱ ይቀንሳል። ክብደቱ ግን ያው ነው። ያ ሁሉ ክብደት በትንሽ ቦታ ላይ ሲያርፍ ጫፎቹን አብዝቶ ይጨፈልቃቸዋል። ስፋቱ በቀነሰ ልክ መጨፍለቁ ይጨምራል። ሲደመር የእውነተኛው ንክኪ መጠን አይለወጥም። ይህን ማብራሪያ በወጉ ያስቀመጡት በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ካምብሪጅ ይሠሩ የነበሩት ባውደንና ቴቦር ናቸው።

የሰበቃ፣ በተለምዶ ፍትጊያ የምንለው፣ ሕግ ራሱ ግን ያረጀ ነው። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺን በሥዕሉ ታውቁታላችሁ። ከ500 ዓመት በፊት በማስታወሻ ደብተሩ ላይ ቁራጭ በገመድ ታስሮ በሌላ ክብደት ሲጎተት ሥሎ ትቷል። ክብደቱ እጥፍ ሲሆን ሰበቃውም እጥፍ ይሆናል፤ የመነካኪያው ስፋት ግን ለውጥ አያመጣም ብሎ ደምድሟል። ደብተሩ ግን ሳይታተም ቀረ። በ1699 (ዓመቱን በፈረንጆች ነው የምጠራው) ጊዮም አሞንቶን የተባለ ፈረንሳዊ ያንኑ ነገር በራሱ መንገድ ደርሶበት ለፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ አቀረበ። አሞንቶን ከወጣትነቱ ጀምሮ ጆሮው አይሰማም ነበር። የአካዳሚው ሰዎችም ልክ እንደናንተ የስፋቱን ነገር ማመን አቃታቸው።

እኔን የሚገርመኝ ሌላው ነው። ሊዮናርዶ የሰበቃ ኃይል የክብደቱ ሩብ ነው አለ። አሞንቶን ደግሞ ሲሶ ነው አለ። ሁለቱም ለሁሉም ነገር የሚሆን አንድ ቁጥር ፈለጉ። አሞንቶን ብረቱንም፣ መዳቡንም፣ እንጨቱንም በአሳማ ስብ እየቀባ ነበር የሚለካው። ታዲያ ሁሉም ሲሶ ቢመጣለት ምን ይገርማል? ብረትና እንጨት የለካ መሰለው እንጂ ስቡን ነው የለካው።

ነገሩን ያፍታታው ሻርል ኩሎም ነው። በኤሌክትሪክ ትምህርት ስሙን ታገኙታላችሁ። መጀመሪያ ግን የጦር መሐንዲስ ነበር። ሮሽፎር በሚባል የፈረንሳይ ወደብ የመርከብ መሥሪያ ውስጥ እንጨት በእንጨት ላይ እየጎተተ ለካ። በ1781 ለዚህ ሥራው ከአካዳሚው ሽልማት አገኘ። የእንጨቱን ዓይነት ቀያየረ። ደረቁንና ስብ የተቀባውን ለያየ። ዝም ብሎ የተቀመጠው እንጨት ስንት ጊዜ እንደቆየ ሳይቀር መዘገበ። እንጨት በእንጨት ላይ በቆየ ቁጥር ለማስነሳት የበለጠ ኃይል እንደሚጠይቅ ያየው እሱ ነው። ይህን እናንተም መሞከር ትችላላችሁ። አንዱን ቁራጭ ማታ ጣውላ ላይ አሳድሩት፣ ሌላውን ጠዋት አስቀምጡት፤ ከዚያ ሁለቱንም ለኩ።

ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ነገር አንድ ነው። ሰበቃ የጥንድ ጉዳይ ነው። «ይህ ወለል ያዳልጣል» ስንል ግማሹን ብቻ ነው የተናገርነው። ለምን ዓይነት ጫማ ነው የሚያዳልጠው? ደርቆ ነው ረጥቦ? አቧራ አለበት? ሴራሚክ ላይ በካልሲ የሚሮጥ ልጅ ይወድቃል። እዚያው ሴራሚክ ላይ በባዶ እግሩ የሚሮጠው ቀጥ ይላል። ወለሉ አልተለወጠም። የተለወጠው ጥንዱ ነው።

ስለዚህ የተማሪ ዘገባ ላይ «የሴራሚክ ሰበቃ ይህን ያህል ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ሳይ እርሳሴን አነሳለሁ። ከምን ጋር?

ቁጥሩ የሚገኝበት መንገድ ቀላል ነው። እንጨቱን ለማንሸራተት የፈጀውን ኃይል እንጨቱ ወለሉን ለሚጫንበት ኃይል ታካፍሉታላችሁ። ኃይል የሚለካው በኒውተን ነው። ግማሽ ኪሎ የሚመዝን ቁራጭ ወለሉን በ5 ኒውተን ገደማ ይጫነዋል እንበል። ለማንሸራተት 2 ኒውተን ከፈጀ 2 ለ5 ሲካፈል 0.4 ነው። የሰበቃ ኮፊሸንት የሚባለው ይኸው ነው። መለኪያ የለውም፤ ኒውተን በኒውተን ሲካፈል ስሙ ይጠፋል። መጽሐፍ ጀርባ ያለውን ሰንጠረዥ ብታዩ እንጨት በእንጨት ላይ ከ0.25 እስከ 0.5 ይላል። አንዳንዱ ተማሪ ይህን ሲያይ መጽሐፉ ራሱ አያውቅም ይላል። ያውቃል። የትኛው እንጨት፣ በምን ያህል ተልጎ፣ በምን እርጥበት እንደሆነ ስላልተነገረ ነው ቁጥሩ የሰፋው። የማያጣብቅ መጥበሻ የሚቀባበት ቴፍሎን 0.04 አካባቢ ነው። የመኪና ጎማ በደረቅ ኮንክሪት ላይ ወደ 1 ይጠጋል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ከ20 እጥፍ በላይ ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። «ዕቃ የለንም» የሚለውን ሰበብ መጀመሪያ እናንሳው። ባለ ስፕሪንግ ሚዛን ያለው ትምህርት ቤት ይጠቀምበት። የሌለው ይሥራ። የብስክሌት ካላማዳሪ በቀጭኑ ቁረጡ። ግድግዳ ላይ በምስማር አንጠልጥሉት፤ ከጎኑ ማስመሪያ ለጥፉ። ከታች ባዶ ሃይላንድ እሰሩበት። መርፌው በተነቀለ ሲሪንጅ 100 ሚሊ ሊትር ውሃ ጨምሩ። 100 ሚሊ ሊትር ውሃ 100 ግራም ነው፤ ክብደቱም ወደ 1 ኒውተን ይጠጋል። ላስቲኩ የደረሰበት ላይ ምልክት አድርጉ። ሌላ 100 ጨምሩ፤ ሌላ ምልክት። ምልክቶቹ እኩል አይራራቁም፤ አትደንግጡ፣ ላስቲክ ጠባዩ ነው። ውሃውን እየቀነሳችሁ ስትመለሱ ደግሞ ምልክቶቹ ላይ በትክክል አይቆምም። ስለዚህ ምልክቱን ውሃ ስትጨምሩ ብቻ ውሰዱ፤ ስትለኩም ላስቲኩ እየተለጠጠ ሳለ አንብቡ።

የተገዛውም ሚዛን ቢሆን ተንኮል አለው። የተሠራው ተንጠልጥሎ እንዲለካ ነው። ጠረጴዛ ላይ ስታጋድሙት የራሱ መንጠቆ ክብደት ስፕሪንጉን መሳብ ያቆማል። ያን ጊዜ ቀስቷ ከዜሮ ትንሽ ወደ ኋላ ትላለች። አጋድማችሁ ዜሮውን ካላስተካከላችሁ ልኬታችሁ ሁሉ በአንድ ልክ ዝቅ ይላል። አሥር ጊዜ ብትደግሙት አሥሩም አብረው ዝቅ ይላሉ። መደጋገም ይህን አያድነውም።

ገመዱም ከጠረጴዛው ጋር ትይዩ ይሁን። ልጆች ቆመው ስለሚጎትቱ ገመዱ ወደ ላይ ያዘነብላል። ያን ጊዜ ከምትጎትቱበት ኃይል ከፊሉ እንጨቱን ሽቅብ ያነሳዋል፤ ወለሉን የሚጫንበት ኃይል ይቀንሳል። መፍትሔው በርከክ ብሎ መጎተት ነው። ጉልበት ይቆሽሻል፣ ቁጥሩ ግን ይስተካከላል።

ቀስቷን በደንብ ተመልከቱ፤ ውበቱ እዚያ ላይ ነው። ቀስ ብላችሁ ስትጎትቱ ትወጣለች፣ ትወጣለች፤ እንጨቱ ግን ንቅንቅ አይልም። ከዚያ በድንገት ይለቃል። ቀስቷም ወዲያው ወረድ ትላለች። ያ ከፍተኛው ቁጥር የመነሻ ሰበቃ ነው። ከወረደች በኋላ የምታሳየው የመንሸራተት ሰበቃ ነው። ቁም ሳጥን ገፍቶ የሚያውቅ ሰው ይህን በትከሻው ያውቀዋል፤ አንዴ ከተነሳ በኋላ ይቀላል። በዘገባችሁ የትኛውን እንደጻፋችሁ ካልለያችሁ የሁለት ቡድኖች ውጤት ሊወዳደር አይችልም።

ሁለተኛውን፣ የመንሸራተቱን፣ ማንበብ ያስቸግራል። እጅ እኩል አይጎትትም። እንጨቱ ዘለል ዘለል ይላል፤ ቀስቷም አብራ ትደንሳለች። ለዚህ አንድ ዘዴ አለ፤ ከዚህ አዳራሽ ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህን ይዛችሁ ሂዱ። እንጨቱን አትጎትቱ። ጣውላውን ጎትቱ! ሚዛኑን ጠረጴዛው ጫፍ ላይ በምስማር እሰሩ። ቁራጩን ከሚዛኑ ጋር አገናኙ፤ ከሥሩ ረጅም ጣውላ አድርጉ። አሁን ጣውላውን ከሥሩ ሳቡት። ቁራጩ ባለበት ይቆማል፤ ወለሉ ነው ከሥሩ የሚሄደው። ሚዛኑም አይነቃነቅምና ቀስቷን ተረጋግታችሁ ታነባላችሁ። ጣውላው ፈጠን ወይም ዘግየት ቢል እንኳ ቁጥሩ ብዙም አይለወጥም። የመንሸራተት ሰበቃ ለፍጥነት ያን ያህል እንደማይጨነቅ ከኩሎም ጀምሮ ይታወቃል።

ሚዛን ጭራሽ የሌላችሁ ደግሞ ማዘንበል ትችላላችሁ። ቁራጩን ጣውላ ላይ አስቀምጡ። የጣውላውን አንድ ጫፍ ቀስ ብላችሁ አንሱ። ቁራጩ መንሸራተት በጀመረባት ቅጽበት አቁሙ። ከፍ ያለው ጫፍ ከወለሉ ያለውን ቁመት ለኩ፤ ከዚያ ወለሉ ላይ ያለውን አግድም ርቀት ለኩ። ቁመቱን ለአግድሙ አካፍሉ። የመነሻ ሰበቃ ቁጥር እሱ ነው። ክብደት መመዘን የለ፣ ኒውተን የለ። ቁራጩ ላይ ድንጋይ ብትጨምሩበትም የሚንሸራተትበት ከፍታ አይለወጥም። ልጆቹ ከምንም በላይ የሚከራከሩት በዚህ ነው፤ ከባድ ነገር ቶሎ መውረድ አለበት ባዮች ናቸው። አታስረዷቸው። ድንጋዩን ስጧቸው።

አንድ ወጥመድ ግን አለ። ብዙ ተማሪ ቁመቱን የሚያካፍለው ለጣውላው ርዝመት ነው። አንድ ሜትር ጣውላ በ40 ሳንቲ ሜትር ቁመት ቢንሸራተት 0.40 ብሎ ይጽፋል። ትክክለኛው አግድም ርቀት ግን 92 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ መልሱ 0.44 ነው። ትንሽ ልዩነት ይመስላል። የጫማ ሶል ሲሆንና ጣውላው እስከ 70 ሳንቲ ሜትር ሲነሳ ግን ጉድ ይፈላል። በተሳሳተው መንገድ 0.70፣ በትክክለኛው 0.98 ይመጣል።

እሺ፣ ምን በምን ላይ እንለካ? እዚህ ላይ ነው ከመጽሐፍ ወጥተን ጅማ የምንገባው። በየትምህርት ቤቱ የማየው ያው ብርጭቆ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ምንጣፍ ነው። መጥፎ አይደለም፤ ግን መልሱ አስቀድሞ ይታወቃል። ሻካራው ይይዛል፣ ለስላሳው ይለቃል፣ አለቀ። ይህም ቢሆን ሁልጊዜ እውነት አይደለም። ንጹሕ ብርጭቆ በንጹሕ ብርጭቆ ላይ ሲንሸራተት ሰበቃው ከእንጨት በእንጨት ይበልጣል። ለስላሳ ማለት የሚያዳልጥ ማለት አይደለም።

እኛ ጋ ያለውን እንይ። ይህ የቡና አገር ነው። ቡና 60 ኪሎ በሚይዝ ኬሻ ነው ወደ ውጭ የሚሄደው። መጋዘን የሠራችሁ ወላጆች ታውቁታላችሁ፤ ኬሻ በኬሻ ላይ ሲደረደር ይያያዛል። በላስቲክ ክር የተሠራው፣ ማዳበሪያ የምንለው ጆንያ ሲደረደር ግን ይሸሻል። ይህን መለካት ይቻላል። ቁራጩን በኬሻ ጠቅልሉት፤ ጣውላውንም በኬሻ አልብሱት። ለኩ። ከዚያ ማዳበሪያ በማዳበሪያ። ከዚያ ኬሻ በማዳበሪያ። ሦስተኛውን ከመለካታችሁ በፊት ግምታችሁን ጻፉ። ከሁለቱ መካከል ይውላል? ወይስ ወደ አንዱ ያደላል? ይህን ሰንጠረዥ የትኛውም መጽሐፍ ጀርባ ላይ አታገኙትም፤ ጅማ ውስጥ ለሚጭን ሰው ግን ከቴፍሎን ይልቅ ይጠቅመዋል።

ቁራጩ ግን አንድ ይሁን። ለኬሻው ሌላ፣ ለማዳበሪያው ሌላ ቁራጭ ካደረጋችሁ ልዩነቱ ከጨርቁ ይምጣ ከእንጨቱ አታውቁም። ልብሱን ብቻ ቀይሩ።

ትንንሾቹ ልጆች ደግሞ ጀንፈል ይዘው ይምጡ። ትሪ ላይ ከአንድ ቦታ ቀስ አድርጋችሁ አፍስሱት። ይቆለላል፤ ከዚያ አልፎ አይቆለልም፣ ጎኑ ይናዳል። የቁልሉን ቁመትና የግርጌውን ስፋት ለኩ። ቁመቱን ለግርጌው ግማሽ ስታካፍሉ ፍሬዎቹ እርስ በርስ የሚያያዙበትን መጠን በግምት ታገኛላችሁ። ከዚያ የተፈለፈለውን ቡና፣ ጤፉን፣ ባቄላውን ሞክሩ። ሲያልቅ ጀንፈሉን መልሱ፤ የእናታችሁ ነው።

የዝናቡን ነገር አልረሳሁም። ጅማ ተኖሮ እንዴት ይረሳል? ቀዩ አፈራችን ሲደርቅ ድንጋይ ነው። ጥቂት ውሃ ሲያገኝ ጫማ ላይ ይጣበቃል። ሲጠግብ ያዳልጣል። አንድ አፈር፣ ሦስት ጠባይ። ሰፊ ሳህን ላይ አፈር ደልድላችሁ የአሮጌ በረባሶ ቁራጭ ክብደት ጭናችሁበት ሳቡ። መጀመሪያ ደረቁን። ቀጥሎ በሲሪንጅ 20 ሚሊ ሊትር ውሃ እየጨመራችሁ፣ እያሸታችሁ፣ እየደለደላችሁ ለኩ። ግራፉ ቀጥ ያለ መስመር አይሆንም። ወጥቶ የሚወርድበት ቦታ ካለ ግኝታችሁ እዚያ ነው። ግራፋችሁ ቀጥ ካለ ግን እጠረጥራለሁ።

ውሃ ብቻውን ምን ያደርጋል? በጎማና በሴራሚክ መካከል ሲገባ ጫፎቹ እንዳይገናኙ ይከለክላል። ጎማ የተቦረቦረውም ለዚህ ነው፤ ውሃው የሚወጣበት ቦይ እንዲያገኝ። ቦዩ ያለቀ ጎማ፣ ሰዉ ራሰ በራ የሚለው፣ በደረቅ አስፋልት ያን ያህል ላያስታውቅ ይችላል። ዝናብ ሲጥል ነው የሚያጋልጠው።

ከቁጥሩ አንድ ነገር አውጥተን እንይ። ባጃጅ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር እየሄደ ፍሬን ይይዛል እንበል። ፍጥነቱ በሰከንድ 8.3 ሜትር ነው። ፍጥነቱን በራሱ አባዙት፤ ከዚያ የሰበቃውን ቁጥር በ9.8፣ በመሬት ስበት ቁጥር፣ አባዝታችሁ፣ እጥፍ አድርጋችሁ ለዚያ አካፍሉት። ቁጥሩ 0.7 ሲሆን 5 ሜትር ገደማ ተንሸራቶ ይቆማል። ዝናብ ቁጥሩን ወደ 0.35 ቢያወርደው 10 ሜትር ይፈልጋል። ጭቃ የተቀባ አስፋልት ላይ 0.2 ቢሆን 18 ሜትር ሊጠጋ ነው። በሰዓት 60 ላይ ደግሞ ሁሉም በአራት ይባዛል፤ በደረቁ እንኳ 20 ሜትር ነው። ይህ ሁሉ ሾፌሩ ፍሬኑን ከረገጠ በኋላ ያለው ነው። ለማሰብና ለመርገጥ የሚፈጀውን አልቆጠርኩም። ስሌቱ ውስጥ የባጃጁ ክብደት የለም። ተሳፋሪ ሞላ አልሞላ ርቀቱን ብዙም አይለውጠውም፤ ቁራጩ ላይ ያደረጋችሁት ድንጋይ ነው ያንን የነገራችሁ።

የአዲስ አበባን መንገድ የሚያውቅ ሰው ወደ ጊቤ ቁልቁለቱ ሲወርድ ሾፌሮች ማርሽ የሚቀንሱት ለምን እንደሆነ ጠይቆ ይሆናል። የፍሬን ሸራ ከመጠን በላይ ሲግል የሰበቃ ቁጥሩ ይወርዳል። ፔዳሉ ያው ነው፣ እግሩ ያው ነው፣ ጥንዱ ግን ተለውጧል። ስለዚህ ከፊሉን ሥራ ለሞተሩ ይሰጡታል።

መምህራን፣ ለእናንተ አንድ ልመና አለኝ። የልጅ ቁጥር ከመጽሐፉ ስለራቀ ማርክ አትቀንሱ። ብትቀንሱ የሚማረው መኮረጅን ነው። ልጁ አምስት ጊዜ ለክቶ 0.38፣ 0.41፣ 0.40፣ 0.52 እና 0.39 አገኘ እንበል። አማካዩ 0.42 ነው። ያችን 0.52 ግን ላጲስ አያንሳባት። ሄዶ ጣውላውን ይይ። ምስማር ብቅ ብሏል? የእጅ ላብ ነክቶታል? እንጨቱን በቁመቱ ሳይሆን በአግድሙ ነው የጎተተው? ምክንያቱን ካገኘ ይጻፈው፤ ካላገኘም እንዳለች ይተዋት። ሳይደመሰስ የተተወውን 0.52 ባየሁበት ደብተር ላይ ተጨማሪ ማርክ እሰጣለሁ። አምስቱም 0.40 የሆኑበትን ደብተር ግን አላምነውም።

አሁን ወደ ጥያቄ።

አንድ የ8ኛ ክፍል ልጅ «ቁጥሩ ከ1 ሊበልጥ ይችላል?» ብሎ ጠየቀ። አዎ፣ ይችላል። ከ1 በላይ ማለት ለመጎተት የሚፈጀው ኃይል ለማንሳት ከሚፈጀው ይበልጣል ማለት ብቻ ነው። በጣውላው ዘዴ ከ45 ዲግሪ በላይ አዘንብላችሁም አልንሸራተት ካለ ከ1 አልፏል። ለስላሳ ጎማ በንጹሕና ደረቅ ነገር ላይ ይህን ሊያደርግ ይችላል። ጎማ ሌላም አመል አለው። ከላይ የነገርኳችሁን ሕግ በደንብ አያከብርም። ጫናው ሲበዛበት የሰበቃ ቁጥሩ ወረድ ይላል፤ የስፋቱም ነገር በተወሰነ ደረጃ ይለውጠዋል። ስለዚህ ዛሬ ያሳየኋችሁን የስፋት ሙከራ በጎማ ብትደግሙት ሌላ መልስ ሊመጣ ይችላል። «ለውጥ የለውም» ሲባል እጅ ያላወጣችሁት ያን ጊዜ ትስቃላችሁ።

አንድ መምህር ደግሞ ስለ ስልክ ጠየቁ። ዛሬ ብዙ ስልክ ዘንበል ማለትን የሚለካ አፕ ይይዛል፤ ጣውላው ላይ አጋድሞ ማንበብ ይቻላል። እኔ ግን መጀመሪያ በማስመሪያ ይሥሩት፣ በስልኩ ያረጋግጡ ባይ ነኝ። ስልኩን ከቁራጩ በታች አታስቀምጡ፤ ሲንሸራተት ማን ላይ እንደሚያርፍ ግልጽ ነው።

የመጨረሻዋ አንዲት እናት ነበሩ። «መምህር፣ ሁሉንም ሰማሁ። እኔ ግን በረንዳዬን ሴራሚክ ላስነጥፍ ነው፤ አማቴ ትልቅ ሰው ናቸው። የቱን ልግዛ?» አሉኝ። እማማ፣ ከሱቁ ሁለት ሦስት ናሙና ይዋሱ። አማትዎ ዘወትር የሚያደርጉትን ጫማ አንዱን ይውሰዱ፤ አዲሱን ሳይሆን ያለቀውን። ውስጡ ውሃ የሞላ ሃይላንድ ያስገቡበት። ናሙናውን ያርጥቡት፣ ሳሙና ጠብ ያድርጉበት፤ በረንዳ መታጠቡ አይቀርም። ጫማውን አስቀምጠው ናሙናውን በአንድ ወገን ቀስ ብለው ያንሱት። ልጅዎ ማስመሪያ ይዞ ቁመቱን ይመዝግብ። ሦስቱንም እንዲህ ያድርጉ፤ እያንዳንዱንም ይድገሙት። ብዙ ዘንበል ብሎ የቻለውን ለበረንዳው ይግዙ። ቶሎ የሸሸው ካማረዎት ደግሞ ለወጥ ቤቱ ግድግዳ ይሆናል።